ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት

ደግሞ አጠፉት። ከታች ሰፈሬ ከሲቀላ በባጃጅ ሴቻ ሆስፒታሉ ድረስ እስክወጣ እንኳ አልጠበቁኝም። ሰርቨር ክፍሉ ጋ ስደርስ ዘበኛው ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ከውስጥ ይወጣል። አስነስቼዋለሁ፣ አሁን ይሠራል፣ አለኝ። ፊቱ ፈክቷል። ተባረክ እንድለው የጠበቀ ይመስለኛል። አላልኩትም።

ደብተሬ፣ አንተ ኮምፒውተር አታውቅም፤ አንዴ ልንገርህና ይውጣልኝ። ሆስፒታላችን አንድ ሰርቨር አለው። የዩኒክስ ዘር ነው፣ አሮጌ ግን ጠንካራ። ላብራቶሪው የምርመራ ውጤት ሲጽፍ ወደ ዋርዶቹ የሚደርሰው በሱ በኩል ነው። ከአዲስ አበባው ሥልጠና ከተመለስኩ ወዲህ በየቀኑ ዝም ይላል። መብራቱ በርቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ዲስኩ ደህና ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ግን ከማንም ጋር አያወራም። ውጤት አይሄድም። ዋርድ ይጮኻል፣ ሥ/አስኪያጁ ዘበኛውን ይጠራል፣ ዘበኛው ማጥፊያዋን ይጫናል፣ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ሁሉም ይረካል። እኔ ብቻ አንጀቴ ያራል። ምን አንቆት እንደነበር የሚነግረኝ ቁጥር ሁሉ አብሮት ይጠፋልና። ሬሳውን ሳላየው ይቀብሩብኛል።

ያው፣ ከምሳ በፊት

ሥ/አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። (ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንበትም።) ሳልደርስ አይጥፋ፣ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ይሁን ብዬ ለመንኩት። በሽተኛ የአንቺን ምርምር አይጠብቅም አለኝ። ደግሞ ችግሩ ታውቋል አለ። ኬብሉ ነው። የጋሽ ማርቆስ ኬብል።

ጋሽ ማርቆስ የኔትወርክ ቴክኒሻናችን ነው፣ ከጋሞ ደጋ የኦቾሎ ሰው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ኬብል ሁሉ የዘረጋው እሱ ነው። ወሬ ይወዳል፤ አንዱን ታሪክ ሁለቴ ሳይነግረኝ ምሳ በልቼ አላውቅም። አንዳንዴ ድምፁን ስሰማ በሌላ በር እወጣለሁ፣ አልዋሽህም። ኬብል ሲያስር ግን የሸማኔ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። አሁን ሥ/አስኪያጁ የሚለው፣ ሰውየው የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዲያገኝ ሆን ብሎ ኬብሉን ያላላል ነው። ዓርብ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ጥፋተኛ ከተባለ ይሰናበታል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ኬብል ቢላላ አንዱ ዋርድ ይቆረጣል እንጂ ሁሉም በአንዴ ዝም አይሉም። ይህንን ነገርኩት። ስልኩን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ማለዳ

ዘበኛውን ቀደምኩት። ወንበር ስቤ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጫለሁ፤ የሚነካው ካለ በኔ ላይ አልፎ ነው።

ኔትስታት የሚባለውን፣ የሰርቨሩን የግንኙነት ቁጥር የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ጠየቅሁት። ይኸው ተገኘ። ያለቀው የኔትወርክ ባፈር ነው!

ባፈር ማለት፣ ሰርቨሩ ለሚልከውና ለሚቀበለው መልእክት ብሎ ከሚሞሪው ለይቶ ያስቀመጠው መያዣ ነው። የሰፈራችንን የእድር ሳህን አስብ። ለቅሶ የደረሰበት ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል፣ ሌላው ይወስዳል። የወሰደው ካልመለሰ ቀጣዩ ለቅሶ ላይ እድርተኛው ባዶ እጁን ይቆማል። የኔ ሰርቨር ሳህን ሁሉ ወጥቶበታል። ከታች፣ ተጠይቆ የተከለከለ የሚል መስመር አለ፤ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይጨምራል።

ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። የባፈሩን ብዛት ጣሪያ በእጥፍ ከፍ አደረግኩለት። ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ። እንዲያውም ዘፈንኩ።

ያው፣ ከሰዓት በኋላ

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ጣሪያው ጠቀመ ቢባል አወዳደቁን ትንሽ አዘገየው እንጂ አልቀረም። ለማይመልስ ሰው ሳህን መጨመር ማለት ይኸው ነው። የሚይዝ አለ። ማን? የትኛው ፕሮግራም? ያንን ሳልጠይቀው ራበኝ። ጎኑ ካለው ምግብ ቤት የበቆሎ ቁርቁፋ ከሀለኮ ቅጠል ጋር አዝዤ ገና ሁለቴ ሳልጎርስ ልቤ አልቻለም፣ ትቼው ሮጥኩ። ስደርስ ጠፍቶ እየተነሳ ነው። ቁጥሮቼ ዜሮ።

ዘበኛው ላይ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ፣ ታዝዤ ነው እህቴ፣ አለኝ። እውነቱን ነው። በታዘዘ ሰው ላይ ጮኼ ላዘዘው ሰው ነገ ጠዋት እንደምን አደሩ እላለሁ። ስሜን ትዕግስት ያለኝን አባቴን እግዜር ይቅር ይበለው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ በሩጫ ዋልኩ፤ ፊደሌ ካልተነበበ ለዚህ ነው።

ከምዕራብ ዓባያ ልጁን ታቅፎ የመጣ አባት ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆሟል። ልጁ በትኩሳት ነዷል። ላብራቶሪው ውጤቱን ልከናል ይላል፤ የሕፃናት ዋርድ አልደረሰንም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ውጤቱ የኔ ሰርቨር ጉሮሮ ውስጥ ነው። ሰውየው ግን አንዴ እዚያ አንዴ እዚህ ይመላለሳል፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ይቅርታ እያለ ይጠይቃል። ይቅርታ የሚለው እሱ ነው! ውጤቱን በወረቀት አስጽፌ በሩጫ ወሰድኩ። ወባ ነው። መድኃኒቱ ዘግይቶ ተጀመረ። ሥራ ሳበቃ ሄጄ አየሁት፤ ቁጭ ብሎ ሙዝ እየላጠ ነው። አባትየው መረቀኝ። ምርቃቱ አቃጠለኝ።

ጋሽ ማርቆስን ደግሞ ስማ። ከሠራተኛው መካከል ሽማግሌ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም የኮሚቴው አባል፣ ትናንት ቤቱ ድረስ ሄደዋል። አጥፍቻለሁ በል፣ እኛ ሥ/አስኪያጁ እግር ላይ ወድቀን እናስታርቅሃለን፣ በማስጠንቀቂያ ያልቃል ብለውታል። እዚህ አገር ሽምግልና ቀልድ አይደለም። የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ሲንበረከኩ ስንት ጠብ ቆሟል፤ እኔም አከብራለሁ። ግን ጠቡ የታለ? ሰውየው ማንን በደለ? ከማን ጋር ነው የሚታረቀው፣ ከሰርቨሩ ጋር?

እሱ ደግሞ እሺ ሊል ነው። ጮህኩበት። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው። አጠፋሁ ካልክ ማንም ከዚህ በኋላ አይፈልግም፣ ሰርቨሩ እየወደቀ ይኖራል፣ ያ ልጅም ነገ ሌላ ልጅ ይሆናል አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። የዘወትር ወሬው የት እንደገባ እንጃ።

«ትዕግስት፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። «አጠፋሁ ብዬ ብገባ ይሻለኛል።»

ከዚያ፣ ሽማግሌ ፊት ውሸት መናገር በኛ ዘንድ ጎሜ ነው አለኝ። ጎሜ ማለት የአባቶችን ሕግ መጣስ ነው፤ መዘዙ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ልጅን ያሳምማል ብለው ያምናሉ። እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ። ዓይኑን አየሁት፤ አልወሰደውም።

ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው ይሄ? ሰው ልጆቹን ለማብላት ልጆቹን የሚያሳምም ቃል ይናገር?

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ጠዋት

የሰርቨሩን ሽፋን ፈትቼ የማጥፊያዋን ሽቦ ከውስጥ ነቀልኩት። ይጫኗት እንግዲህ።

ተጫኗት። ዘበኛው መጣ፣ ተጫነ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ተጫነ። አየኝ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሄደ።

ያው፣ ቀትር

አገኘሁት። አገኘሁት። አገኘሁት።

ዝም ካለ በኋላ ማንም ስላልነካው ቁጥሮቹ እንዳሉ ቆዩኝ። ከያንዳንዱ ዋርድ ጋር ያለውን ግንኙነት፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ባፈር እንደያዘ ዘረዘርኩ። ለመላክ ተሰልፎ ያልተወሰደ መልእክት ተቆልሏል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ዋርድ ኮምፒውተሮች የሚሄድ። የሚገርመው ግንኙነቱ አልሞተም። አለህ ወይ ሲባል አለሁ ይላል። ውሰድ ሲባል አይወስድም። ስለዚህ ሰርቨሩ እንደያዘለት ይጠብቃል።

ሮጥኩ፣ ወደ ሕፃናት ዋርድ። ኃላፊዋ ሲ/ር ወርቅነሽ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ ላይ ቆማ የምትውል፣ ቁጣም ሳቅም የማታበዛ ሴት። ኮምፒውተሯን ገለጥኩ። የውጤት ፕሮግራሙ ተከፍቷል፣ «አቁም» የሚለው ተጭኗል። ከሥሩ ሌላ መስኮት፣ እሱም አቁም። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። መቁጠር ተውኩ።

ለምንድነው አልኳት። አስቀመጠችኝና ነገረችኝ።

ፕሮግራሙ ውጤት በመጣ ቁጥር ይጮኻል። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ሆድ ስለሚወጣ መቀነሻ የለውም። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ብቻውን አይታመምም፤ አንድ በሽተኛ ተኝቶ ዘመድ ጎረቤቱ ከደጋ ወርዶ ኮሪደሩን ይሞላል። በጮኸ ቁጥር ሁሉም ብድግ ይላል፣ የኛ ነው? ይላል። እኔ ሥልጠና ላይ ሳለሁ አንድ ቀን የእናቶች ዋርድ ውስጥ ሲጮኽ፣ ከዶርዜ የመጡ ጠያቂ እናት የሞት ምልክት መስሏቸው እሪ አሉ። አንዷ እሪ ካለች ሌላዋ አትቀርም። ደረት መምታት ተጀመረ። ለቅሶው የደመቀላት ሴትዮ ከእንቅልፏ ነቅታ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች።

ሳቅሁ ደብተሬ። በዚህ ሁሉ ንዴት መሃል ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ሲ/ር ወርቅነሽም ሳቀች። ከዚያ የቀረውን ስትነግረኝ ሳቄ ጠፋ። በማግስቱ ሥ/አስኪያጁ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሠራተኛውን ሁሉ አቁሞ፣ ይሄን ጩኸት ዝም አሰኙልኝ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፅ መስማት አልፈልግም አለ። ፕሮግራሙን ያቀረበውን ድርጅት የጠየቀ የለም። እኔ ጋ የደወለ የለም። ነርሶቹ ያገኙት መላ «አቁም» ነው። «ቀጥል» ቢሉት የተጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ይጮኽባቸዋል። ስለዚህ ውጤት ሲፈልጉ አዲስ መስኮት ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ አቁም ይላሉ። በየዋርዱ፣ በየፈረቃው። የቆመው መስኮት ሁሉ ሳህን ይዞ ተቀምጧል።

ፕሮግራሙን የጻፈውስ? የሚቀበል ሲጠፋ እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው? አንድ መስመር፣ የጊዜ ገደብ፣ ማስገባት አቃተህ?

አንዱን መስኮት ዝጊልኝ አልኳት። በስልኬ ሰርቨሩን እያየሁ ነው፤ የገባሁት ባፈሩን በማይነካው የጥገና መስመር ነው። ዘጋች፤ የተያዘው ባፈር ቀነሰ። ሌላውን፤ ቀነሰ። ላብራቶሪው የላከው ውጤት ድንገት ጠብ አለልን። ሲ/ር ወርቅነሽን አቅፌ ሳምኳት፤ ደነገጠች።

ያው፣ አመሻሽ

ለጋሽ ማርቆስ ነገርኩት። ሁለቴ አስነገረኝ፣ እንደ ልማዱ። ነገ አጠፋሁ አትልም አልኩት። አልልም አለ። ምን ምን እንዳለው ረሳሁ፤ ብዙ አወራ፣ ሁሉንም ሰማሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ከስብሰባው በኋላ

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ኮሚቴው ፊት ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሥ/አስኪያጁ በሰብሳቢነት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎንና ጎን፣ ጋሽ ማርቆስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጥግ ላይ። ሲ/ር ወርቅነሽ ምስክር ናት። የእድሩን ሳህን ነገርኳቸው። ገባቸው፤ ሳህን ያልጠፋበት እድር የት አለ! ሲስተር ወደ እናቶች ዋርድ ደወለች፣ ነርሶቹ እዚያው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ፣ ቁጥሩ ዓይናቸው ሥር ወረደ። ኬብል የነካ የለም። አንደኛው ሽማግሌ ይገርማል አለ። ያለቀ መሰለኝ። እንዴት ሞኝ ነኝ።

ሥ/አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለዚህ ጥፋቱ የነርሶቹ ነው አለ። ንብረት ያለአግባብ መጠቀም። ኃላፊዋ ሲ/ር ወርቅነሽ ስለሆነች ማስጠንቀቂያው ለእርሷ ይጻፍ። በአንድ ትንፋሽ! ለሰውየው ጥፋተኛ ማለት ወንበር ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥበት።

የባሰው ደግሞ መጣ። ሲ/ር ወርቅነሽ ብድግ አለች። እጆቿን አጣምራ፣ ይቅርታ፣ እኛ ሳናውቅ... ብላ ጀመረች። እኔ ቁጥሮቹን እንደገና ላሳያቸው ላፕቶፑን አዞርኩ።

የተናገረው ጋሽ ማርቆስ ነው። ከጥግ፣ ሳይጮኽ።

«ሲስተር፣ አይበሉት። ያላጠፉትን አጠፋሁ አይበሉ።»

ከዚያ ወደ ሥ/አስኪያጁ ዞረ።

«ዝም አሰኙልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት ጌታዬ። ሁላችንም ቆመን ሰምተናል። እነዚህም አባቶች እዚያው ነበሩ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠረጴዛውን አዩ። ሥ/አስኪያጁ ቀላ፣ ስብሰባው አልቋል ብሎ ወጣ። ኮሪደር ላይ አንደኛው ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስን በክንዱ ይዞ፣ ዝም አይነቅዝም ልጄ፣ ነጻ ወጥተህ ነበርኮ፣ አለው። ነጻ ወጥቶ ነበር። ዝም ቢል እሁድ ኦቾሎ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ጮማውን ይበላ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የማይቀበል ግንኙነት ሲያጋጥም ጠብቆ የሚቆርጥ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ አስገባሁ። የማጥፊያዋንም ሽቦ መለስኩ፣ የሆነውን ሁሉ በብልሽት ሪፖርት ጻፍኩ። ሰርቨሩ አልወደቀም። ልብስ አጠብኩ። ከዓባያ በኩል ንፋስ ነበር፣ ቶሎ ደረቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10። ጠዋት፣ ከስብሰባ በፊት

ጋሽ ማርቆስ የለም። ዓርብ ከስብሰባው በኋላ ነው የነገሩት፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቆይ። ክሱ አሁን ኬብል አይደለም። አለቃ መዝለፍ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ስደውልለት ልጆቹ ከኋላ ይንጫጫሉ። ደህና ነኝ፣ ተኝቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ አለኝ። ስለ እንቅልፉ ሁለቴ ነገረኝ።

ሥ/አስኪያጁም አስጠራኝ። ዛሬ ለስላሳ ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። ሰርቨሩ በመሠራቱ አመሰገነኝ። የብልሽት ሪፖርቱን አርሚው አለ፦ «በኬብል መላላትና በተጠቃሚ ስህተት» ብለሽ ጻፊና ፈርሚበት፤ ማርቆስም ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ ያስታርቁን፣ ሁሉም በሰላም ይግባ። ይሠራል አይደል? ምን ይጎድልብሻል? አለኝ።

እሺ ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ልንገርህ ደብተሬ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤት ኪራይ አለብኝ፣ አባቴ ጡረታ ላይ ነው፣ በዚህ ከተማ የሰርቨር ሥራ እንደ ሙዝ በየመንገዱ አይሸጥም። ሰርቨሩም ይሠራል። ምን ይጎድልብኛል?

የሚጎድለው ሰው ነው። የኔን መሥሪያ ቤት ኬብል ሁሉ በእጁ የዘረጋ ሰው ቤቱ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ እጄን አንስቼ ኬብሉ ላልቷል ብዬ ልፈርም?

አላርመውም። ወረቀቱን ለእሱ አልሰጠውም፣ መሳቢያ ውስጥ አያስገባውም። ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ስብሰባ ላይ ይቆማል፤ ያኔ እኔ ራሴ አነበዋለሁ፣ ባፈሩን፣ «አቁም»ን፣ ዝም አሰኙልኝ ያለውንም ከነስሙና ከነሥልጣኑ። ከዚያ ማን እንደሰማ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፣ ከሽማግሌዎቹ ጀምሬ። ሥራዬ ከሄደ ይሂድ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም።

ሲ/ር ወርቅነሽ በሩ ላይ መጣች። ትዕግስት፣ ሰዉ ቆሟል፣ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው አለች። ወረቀቱን አየችው። መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ አለችኝ፣ ሽማግሌዎቹን አትጠብቂ። ወረቀቱን ይዤ ተነሳሁ፣ ደብተሬ።